አይሮፕላን የማይጥለው ብርሃን

ወንድሜን የገደለው ብስክሌት ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቆቦ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ «ጨረር ነው የገደለው»፣ «ሰላዮች ናቸው የገደሉት» የሚል ሰው አይጠፋም። ብስክሌት ነው። ጀርመን አገር፣ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ በረዶ ላይ ተንሸራተተ፣ ጭንቅላቱን ተመታ፣ አለቀ። ሦስት ጊዜ ወባ የያዘው፣ አንድ ጊዜ ጊንጥ የነደፈው፣ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ወስዶ መልሶ የተፋው የራያ ልጅ፣ እሱን የጣለው የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ራሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ስሙ ደሳለኝ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። እኔ እሱ ሲሞት ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ስላልመጣልኝ የሰው ባጃጅ እነዳ ነበር። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ተማረ፣ ከዚያም ለዶክትሬት ጀርመን ሄደ። እኔ በፊዚክስ ያመጣሁትን ውጤት እዚህ አልጽፈውም። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤት የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን።

አሁን ውሸቴን ልናዘዝ። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። እንዲሁ ልጀምረው።

አንድ ቀን ባጃጅ ተራ ቆመን ሳለ ሁሴን የሚባል ጓደኛዬ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ «ሙሌ፣ ያ ወንድምህ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ገና ተማሪ ነው? ስንቴ ነው የወደቀው? እኔ እንኳ አንዴ ወድቄ ነው ያቆምኩት» አለኝ። ተራው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«የሚማር መሰለህ?» አልኩት። «አይሮፕላን የሚጥል ብርሃን ነው የሚሠራው።»

ጸጥ አሉ። የዚያ ጸጥታ ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ፤ ማር ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራ ሳይደርሰኝ ሰው እጭን ጀመር። ወሬው በሳምንቱ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ደረሰ። ከዋጃ ሲመለስ ሁለት አይሮፕላን ይጥል ነበር።

ከዚያ ደሳለኝ ደወለ። «አንድ የዋጃ ሰው ‹መሣሪያው መቼ ነው የሚያልቀው?› ብሎ ጻፈልኝ። ማነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ አላውቅም» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቀ።  ቀጥሎ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ የምሠራው ብርሃን አየር ውስጥ አንድ ጋት አይራመድም። አየር ይበላዋል። አየር በተመጠጠበት ቧንቧ ውስጥ ነው የሚኖረው። አይሮፕላን ቀርቶ ዝንብ አይገድልም። ሙሌ፣ እኔ ሰው የሚገድል ነገር አልሠራም። እንዲህ ሲሉ ከሰማህ ንገራቸው።»

«እሺ» አልኩት።

አልነገርኳቸውም። በአራተኛው ወር ሞተ።

የሬሳ ሳጥኑ ረቡዕ ቆቦ ደረሰ፤ ከሞተ ሳምንታት አልፎት ስለነበር የዚያኑ ቀን ቀበርነው። ዋናው ለቅሶ ከዋጃም ከሮቢትም ዘመድ እስኪሰበሰብ ለሠልስቱ፣ ለዓርብ ተቆረጠ። እናቴ ሳጥኑን ካየች ጀምሮ አልተናገረችም። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። እሷ ከሐዘን ብዛት ነው። እኔ ግን ከፍርሃት። ምክንያቱ ይኸው።

በእኛ ዘንድ የታወቀ ሰው ሲለቀስለት፣ ያስታወቀው ነገር አብሮ ይወጣል። ፈረሰኛ ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል። ተኳሽ ከሆነ ጠመንጃው። ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ ዕቃው መሃል ላይ ከፍ ይላል፣ አልቃሿ ከፊቱ ቆማ ሥራውን በግጥም ታወርዳለች። እዚያ ሜዳ ላይ የተባለ ነገር አይፋቅም። የልጅ ልጅ ይዞት ያድጋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የአባቴ ወንድም ጋሽ ሲሳይ ከሮቢት መጣ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሞንታርቦ፣ በትከሻው ክላሽ፣ ከኋላው አልቃሿን እትዬ አልጋነሽን አስከትሎ።

«ጋሼ፣ ክላሹ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የሚወጣው ነዋ!»

«ደሳለኝ እኮ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም።»

«አይሮፕላን ለሚጥል ሰው ክላሽ ሲያንሰው ነው! መድፍ አላገኘሁም፣ ምን ላድርግ? ነገ አገር ሁሉ ይመጣል። የሲሳይ ወንድም ልጅ ማን እንደነበር ትሰማለች ሮቢት።»

  ሄጄ ወንበር ደረደርኩ።

እትዬ አልጋነሽ አጭር፣ ቀጭን፣ ከፊት ሁለት ጥርስ የሌላት ሴት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ ጠራችኝ። «ና እስቲ፣ ታናሽ ነህ አይደል? ተቀመጥ። እኔ የማላውቀውን ሰው አላለቅስም። ቁመቱ?»

«ረጅም ነው። ነበር።»

«የሚወደው እህል?»

«የማሽላ እሸት።»

«ሥራውን ሲሳይ ነግሮኛል። ጀምሬዋለሁ፣ ስማማ፤

አይሮፕላን የሚጥል የቆቦው አንበሳ፣
ጠላቱ ሲያየው ሱሪውን የረሳ።»

ሳቅኩ። የወንድሜ ድንኳን ውስጥ፣ ጥቁር ለብሼ፣ እንባ አምልጦኝ የማያውቅ ሰው፣ ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

አልተቆጣችም። አየችኝ። «ሱሪዋ ታስቃለች፤ ለዚያ ነው ያስገባኋት። መጀመሪያ ያላላሁት ሰው ኋላ ሳስለቅሰው ይቀለኛል። አንተ ግን የሳቅከው በሱሪው አይደለም። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«አንበሳው ላይ» ልላት ፈለግኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ባጃጅ ተራውን፣ ስልኩን፣ «እሺ» ያልኩትን። እየተንተባተብኩ። ስጨርስ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ።

«ታዲያ ምን ነበር የሚሠራው?» አለች።

ይሄ ከጥፊው ባሰ። አላውቅማ! ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲያስረዳኝ «ገባኝ፣ ገባኝ» ስለው ኖሬያለሁ። ከሬሳው ጋር የመጣውን ሻንጣውን አምጥቼ ፊት ለፊቷ ከፈትኩ። ጥቁር የዓይን መከለያ መነጽር አለ። ጫፉ የተጠፈጠፈ፣ ወገቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ቧንቧ አለ። ደብተር አለ። ደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ሰፊ ወረቀት፤ ጥቁር መደብ ላይ የቆሙ ብሩህ መስመሮች ታትመውበታል።

«እሺ፣ ጀምር» አለች። «እኔን አትፍራ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከአንተ በታች ነኝ።»

ጀመርኩ። የቻልኩትን ልጻፍላችሁ። ፊዚክስ የተማራችሁ አትሳቁብኝ።

«እትዬ፣ ማሽላ ላይ ወፍ ሲጠበቅ ጅራፍ ይጮሃል አይደል? ክንድ የሚያወጣው ጉልበት ያው ነው። ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ ወፏ ዞራም አታይ። ጫፉ ላይ ባንዴ ሲጠራቀም ግን ይፈነዳል። የእሱም ሌዘር እንደዚያ ነው። ብርሃኑን በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ሰከንድ አይደለም። የሰከንድ ልጅ አይደለም። ሰከንድ ለዚያች አጭር ጊዜ የሚሊዮን ዓመታት ያህል ነው ይል ነበር።»

«እሺ፣ ጮኸ። ከዚያስ?»

«ጋዝ ውስጥ ይተኩሰዋል። በዚህች ቀዳዳ። ጋዙ አቶም ነው፤ አቶም ማለት... ቤት በይው። ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሮን አለ። ብርሃኑ ሲመጣ ኤሌክትሮኑን ጎትቶ ከቤቱ ያወጣዋል። ያሮጠዋል። ወዲያው ብርሃኑ ሐሳቡን ይለውጥና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ኤሌክትሮኑ ሮጦ ሮጦ ያገኘውን ጉልበት ሁሉ ይዞ ከቤቱ ጋር ይጋጫል። ሲገባ ያን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይተፋዋል። አዲስ ብርሃን። ከገባው በሦስት እጥፍ፣ በአምስት፣ በሰባት፣ በሃያ አንድ፣ እንዲያ እያለ ፈጥኖ የሚርገበገብ።»

«ሁለትና አራትስ?»

«ጎዶሎ ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ገባኝ ብለኸው ነበር» አለች።

«አዎ።»

«የወጡት ሁሉ ይመለሳሉ?»

«የለም። የሚበዙት አይመለሱም። ቢመለሱም ቤቱን ስተው ያልፋሉ።»

ቧንቧውን አንሥታ ቀዳዳዋን በጣቷ ነካች።  «ታዲያ ምን አስቸገረው? ስምንት ዓመት?»

ደብተሩን ገለጥኩ። እንግሊዝኛ ነው፤ ዳር ዳሩን ግን ራሱን በአማርኛ ይሰድባል። አነበብኩላት። «ጋዝ ጨመርኩ፤ ደበዘዘ።» ገለጥኩ። «አሁንም ጨመርኩ፤ ጭራሽ ጠፋ። አህያ!» ገለጥኩ። «አንድ አቶም የሚሰጠው ምንም ነው። ሁሉም በአንድ ምት ካልሰጡ የአንዱ ብርሃን የሌላውን ያጠፋል።» መጨረሻ አካባቢ በትልቁ ጽፏል፦ «ጋዙን ቀነስኩ። ምቱ ገጠመ። በራ! እናቴን በራ!»

እትዬ አልጋነሽ ብድግ አለች። እውነቴን ነው፣ ጉልበቷን ይዛ ብድግ አለች።

«አንተ! ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው!»

«እንዴት?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን የማደርግ መሰለህ? እኔ ዝቅ አድርጌ አንዲት ግጥም እሰጣለሁ፤ ሕዝቡ ከፍ አድርጎ ይመልስልኛል። ደረት ሲመታ ይህኛው ቀድሞ ያኛው ከዘገየ ለቅሶው እዚያው ይሞታል። ሰው ሲበዛ ደግሞ ይብሳል፤ የኋላው የፊቱን አይሰማም። ሲሳይን ‹ሰው አታብዛ፣ ያን ሞንታርቦ አታምጣ› ብለው አይሰማኝም። ወንድምህ ይሄን ጀርመን ድረስ ሄዶ ነው ያገኘው? ምነው ሮቢት መጥቶ ቢጠይቀኝ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ «እንግዲያው ግጥሙን ቀይሪልኝ» አልኳት።

«እቀይራለሁ። ግን ወሬውን የበተንከው አንተ ነህ፤ ሰብሳቢውም አንተ ነህ። አገሩ አይሮፕላን ለሚጥል ሰው ሊያለቅስ ነው የሚመጣው። እኔ ሌላ ሰው ባለቅስለት ‹አልጋነሽ አረጀች፣ ሬሳ ተምታታባት› ነው የሚሉኝ። ነገ መሃል ገብተህ ትናገራለህ። አለዚያ አንበሳውን ከነሱሪው አወርደዋለሁ።»

እንግዲህ ፍርዴ ይሄው ነበር። ከተናገርኩ ከዚያን ቀን በኋላ ቆቦ ውስጥ ስሜ «ያ ውሸታም» ነው። ካልተናገርኩ ወንድሜ ገዳይ ሆኖ ይለቀስለታል፤ ለዘላለም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሜዳው ሞላ። የሮቢት ሰው በአንድ ወገን፣ የዋጃ ሰው በሌላ ወገን፣ ባጃጅ ተራው በሙሉ ከኋላ። ሞንታርቦው ይጮሃል። ሮቢት አንድ ሲመታ ዋጃ ሌላ ይመታል። ለቅሶ አይመስልም፤ የገበያ ግርግር ነው። ጋሽ ሲሳይ ክላሹን በሁለት እጁ አንሥቶ መሃል ቆሟል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

እትዬ አልጋነሽ አየችኝ። አንዴ ብቻ።

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ማይክሮፎኑን እንደያዝኩም ያወቅኩት የራሴ ድምፅ ሲያስደነግጠኝ ነው።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ።

አቋረጡ።

«ደሳለኝ... ወንድሜ አይሮፕላን የሚጥል ነገር አልሠራም። እኔ ነኝ ያልኩት። ተማሪ ነው ብለው ሲስቁብኝ ተናድጄ ነው። የሠራው ብርሃን... አየር ውስጥ አንድ ጋት አይራመድም። ዝንብ አይገድልም። ንገራቸው ብሎኝ ነበር። አልነገርኩም። ይኸው አሁን...» ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋኝ።

ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ። ይሄኛው ጸጥታ ማር አልነበረም።

ከዚያ ከኋላ የሁሴን ድምፅ መጣ። «ወላሂ አንዱ አይሮፕላን የእሱ ነው። ሁለተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ!»

ሰው ሳቀ። ለቅሶ ላይ! አንድ የዋጃ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋሽ ሲሳይ ብቻ አልሳቀም። ፊቱ የበሰለ በርበሬ መስሏል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን መጣ?» አለ። «ዝንብ ለማይገድል?»

«ለዝንብ ገዳይማ ማን ይመጣል!» አለች እትዬ አልጋነሽ። ጎኔ መጥታ ቆማለች። «ሲሳይ፣ መሣሪያህን ቤት አስገባ። ልጁ ይዞት አያውቅም። ያን ጩኸታም ሣጥን አጥፉልኝ። የሮቢት ሰዎች፣ ግማሾቻችሁ ጥላ ስር ተቀመጡ፤ ቅር አይበላችሁ፣ ቀጥሎ ትገባላችሁ። ዋጃዎች፣ ቀረብ በሉ። እርስ በርስ እስክትደማመጡ።»

ጋሽ ሲሳይ ክላሹን እንደያዘ ቆየ። ጣቶቹ ሲላሉ አየሁ። ትከሻው ላይ አንግቶት ሄደና ራሱ ገመዱን ከሞንታርቦው ነቀለው። ስሙን ሊያስጠራበት ያመጣውን ሣጥን ራሱ ነቀለው። ለዚያች ቅጽበት አሁንም አከብረዋለሁ።

እኔ ያን ባለመስመር ወረቀት ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ሌላ የሚወጣ ነገር አልነበረንም። እሷ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለአንድ ሰው እንደምትነግር አድርጋ ጀመረች፤

ጠመንጃም አልያዘ፣ ጎራዴም አልሳለ፣
ብርሃን እንደ በሬ ሲጠምድ የዋለ።

ደረት ተመታ። በአንድ ምት። መለሱላት፤ ድምፁ ከሰጠችው ከፍ ብሎ ተነሣ።  ደገመች፤

ወጥቶ ሲመለስማ ቤቱን ያበራዋል፣
አንተ ብቻ ምነው በሣጥን መጥተሃል!

ቅድም የሳቁት ሽማግሌ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። ጥላ ስር የተቀመጡት ሳይጠሩ እዚያው ሆነው ይመታሉ፤ ምቱ አልተዛነፈም።

በዚህ መሃል እናቴ ተነሣች። ወደ እኔ መጣችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ዓይኗ አጠገብ አድርጋ አየችው። መስመሮቹ እኩል እኩል ተደርድረው ይሄዱ ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ድንገት ያበቃሉ። ለምን እንደሚያበቁ ደሳለኝ ነግሮኝ ነበር። ጣቷን በየመስመሩ ላይ አሳለፈች፣ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ጣቷ ጨለማው ላይ ቆመ። ለእሷ ፊዚክስ አይደለም፤ የነጠላ ጥለት ነው። ከሳጥኑ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፤

ጥለቱ ሳይሞላ ክሩ ተበጠሰ፣
ሸማኔው ጠፋና እጄ ላይ ፈረሰ።

 አልቃሿ ራሷ ታለቅስ ነበር። እኔን አትጠይቁኝ። መሬት ላይ ነበርኩ፤ ሁሴን በብብቴ ይዞ ሲያነሣኝ ነው የማስታውሰው። ንፍጤን በሸሚዙ ጠረገልኝ። እስካሁን ሸሚዝ አለብህ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ትልቅ ሰው ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዋሽቼ ያየሁትን አይታችኋል። «ዝንቡ» የሚል ቅጽል አወጡልኝ፤ ባጃጅ ተራ ላይ ዛሬም ይጠሩኛል። ጋሽ ሲሳይ አንድ ዓመት አኮረፈኝ። የማታ ትምህርት ተመዝግቤ አሥረኛን ደገምኩ፣ አሁንም ፊዚክስ አልሆነልኝም። ጎዶሎ ቁጥር ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ ግን አሁን ገብቶኛል። አንድ አስተማሪ አራት ቀን ፈጅቶ አስረዳኝ፤ ሦስቱን ቀን «አልገባኝም» ስላልኩት ነው። ያቺን ቃል በሃያ አንድ ዓመቴ ነው የተማርኳት።

እኔ ወንድሜን በውሸት የገደልኩት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ከውሸቱ የከፋው «ገባኝ»ው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚወደውን ነገር ሊያሳየኝ ደወለ፤ እኔ ቶሎ እንዲጨርስ «ገባኝ» አልኩት። ባዶ ቦታውን ነው በአይሮፕላን የሞላሁት። ያን ቀን ሜዳ ላይ ያለቀስኩት ለሞተው ብቻ አይደለም፤ ገና አሁን ለተዋወቅኩት ሰው ጭምር ነው።

እናንተም ሩቅ ያለ ሰው ካላችሁ ደውሉለት። «ሥራህ ምንድን ነው?» በሉት። ሲነግራችሁ፣ ካልገባችሁ፣ «አልገባኝም፣ ድገመው» በሉ። ይደግመዋል። ደስ እያለው ይደግመዋል። ስልኩ ሂሳብ ይቆጥራል። ይቁጠር።